አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ሳይፈርስ ልጆቻችሁን ውሰዱ

ወረታ ለብዙ መንገደኛ ምሳ በልቶ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ከባሕር ዳር የመጣው ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚሄደው በቀኝ ይታጠፋል። በመስኮት የሚታየው የፎገራ ሜዳ፣ ሩዙና ከብቱ ነው። ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ልጆችና የልጅ ልጆች ይዛችሁ ወደዚያ የምትወርዱ አንባቢዎች ግን ግማሽ ቀን መድቡልኝ። ከሜዳው ከፍ ባለ ቦታ ጥድ፣ ወይራና ዋንዛ ተሰብስቦ ስታዩ፣ ብዙውን ጊዜ መሀሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከአሮጌዎቹ ክብ አብያተ ክርስቲያናት አንዱን ምረጡና ልጆቹን ይዛችሁ ዙሩት።

ስትዞሩ ከውጭ ወደ ውስጥ ይሁን። መጀመሪያ ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ደብተራዎቹ በከበሮና በጸናጽል የሚዘምሩበት። ቀጥሎ የሚቆርቡት የሚቆሙበት ቅድስት፣ ከዚያ ታቦቱ ያለበትና ከካህናት በቀር ማንም የማይገባበት መቅደስ። ልጆች ሳይነገራቸው ቶሎ የማያስተውሉት ነገር አለ፤ ቤቱ ከውጭ ክብ ይሁን እንጂ መቅደሱ አብዛኛውን ጊዜ አራት ማዕዘን ነው። ሥዕሉም ያለው በዚሁ መቅደስ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። በሮቹን ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ይጠብቃሉ፤ በግድግዳው ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ይታያሉ።

የሰባት ዓመት የልጅ ልጄ እዚህ ሥዕል ፊት ቆማ፣ «አባባ፣ የዚህ ሰውዬ ሌላው ዓይኑ የት ሄደ?» አለችኝ። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ደግ ሰው ሲሥሉ ፊቱን ወደ እኛ አዙረው ሁለቱንም ዓይኖቹን ያሳዩናል፤ ክፉውን ግን በጎን ይሥሉታል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይቀርለታል። ይህን ከነገርኳት በኋላ ከዚያ ማውጣት አቃተኝ። ባለ አንድ ዓይኖቹን ስትቆጥር ቀኑ መሸ።

በእንግሊዝ አገር የጥንት የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የአካባቢው ባላባትና ሚስቱ ከድንጋይ ተቀርጸው፣ እጃቸውን ለጸሎት ገጥመው በመቃብራቸው ላይ ተጋድመው ይታያሉ። የእኛ ባላባት በድንጋይ አልተቀረጸም፤ ያሠራውን ሥዕል ግርጌ ያዘ። በጣና መሀል ደቅ ደሴት አጠገብ ያለውን ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። ነገሥታቱም ቢሆኑ የተቀበሩት በገዳማት ነው፤ በደጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል፣ በሬማ መድኃኔ ዓለም የዐፄ ሠርፀ ድንግል አጽም ይገኛል። የፎገራ ገበሬ ግን ስሙ የትም አልተጻፈም። ያረፈው በቅጽሩ ውስጥ፣ ከዛፎቹ ሥር ነው። ምሰሶውን ከጫካ ያወረደው፣ ጭቃውን በጭድ ያቦካው፣ ክዳኑ ባረጀ ቁጥር ሳር በሸክም ያመጣው እሱ ነበር። ሐውልት ካላችሁ ለእሱ የቀረው ይኸው ሕንፃ ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በማውቀው አንድ አጥቢያ አሮጌው ይፍረስ፣ አይፍረስ በሚል ሰው ለሁለት ተከፍሏል። ይፍረስ የሚሉት ክፉዎች አይደሉም። ሜዳው ዋልካ አፈር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቃል። ሕዝቡ በዝቷል፤ በበዓል ቀን ግማሹ ሰው ውጭ ፀሐይ ላይ ነው የሚያስቀድሰው። አንድ ሽማግሌ፣ «እኛ በቆርቆሮና በብሎኬት እየኖርን ለእግዚአብሔር ጭቃ ቤት እንተውለት?» ሲሉ የመለሰላቸው አልነበረም። እኔም የሳር ክዳን ናፋቂ አይደለሁም። ሚስማሩ በደንብ የተመታ ቆርቆሮ ብዙ ሥዕል ከዝናብ አትርፏል።

ነገር ግን አብዛኞቹ የቆዩ ሥዕሎች በቀጥታ ግድግዳው ላይ የተሣሉ አይደሉም። በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ጭቃው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ጨርቁን ባለሙያ ቀስ ብሎ ሊያነሣው ይችላል። ግድግዳው በዶማ ከፈረሰ ግን ሥዕሉ ከጭቃው ጋር ይሄዳል። በአዲሱ ሕንፃ የሚተካው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከታተመ ወረቀት የተቀዳ ነው፤ የአካባቢው ሠዓሊ የሣለው ፈረስ እዚያ የለም።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የጥበቃና የእድሳት ሥራ ለመሥራት አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን የሚያውቅ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ብዙ አላየሁም። ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ አሜሪካ ሆናችሁ ገንዘብ ስትልኩ ጠይቁ፤ «አሮጌው ምን ይሆናል? ሥዕሉን ማን ያነሣዋል? የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አይቶታል?» በሉ። አዲሱን ከጎኑ ሠርተው አሮጌውን ዕቃ ቤት ያደረጉ አጥቢያዎች አሉ፤ ቦታ ካለ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አይታየኝም።

ለጉዞው ሐምሌና ነሐሴን ተዉት፤ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ከቅዳሴ በኋላ ሂዱ፤ ቄሰ ገበዙ ቁልፉን ይዘው ቤታቸው ሳይገቡ ድረሱባቸው። ፎቶ ለማንሣት አስፈቅዱ፤ ብልጭታውን አጥፉ። ልጆቹን ሥዕሉን በእጃቸው እንዳይነኩ አስጠንቅቋቸው። ጫማ የሚወልቀው በር ላይ ነውና ማሰሪያ የሌለው ጫማ አድርጉላቸው።