ስሙ የማይጠራው ቤት

አንባቢ ሆይ፤ እንግሊዝኛን ከልጅነትዎ ጀምሮ ተምረዋል፣ ሰዋስዉንም ደኅና አድርገው ያውቃሉ እንበል። ለከፍተኛ ትምህርት ወይም ለመሥሪያ ቤትዎ ጉዳይ ወደ ውጭ አገር ተላኩ። ከሰው ቤት እንደ ገቡ በመጀመሪያ የሚያስቸግርዎ ጥያቄ የፖለቲካ ወይም የኤኮኖሚ ጥያቄ አይደለም፤ ሽንት ቤቱ ወዴት ነው የሚለው ነው። ያን ያህል ዓመት የተማሩት ቋንቋ የሚከዳዎም እዚሁ ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር ያከራዩዎትን ባልቴት «ባዝሩም የት ነው?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ ገላዎን ሊታጠቡ የፈለጉ መስሏቸው ፎጣ ሊያቀብሉዎ ይችላሉ። በኒውዮርክ ምግብ ቤት በዚሁ ቃል ቢጠይቁ ግን አስተናጋጁ ያለ አንዳች ማመንታት በሩን ያሳይዎታል፤ ምንም እንኳ በውስጡ መታጠቢያ ገንዳ ባይኖር። በካናዳ ቃሉ «ዋሽሩም» ነው። በፊሊፒንስ ደግሞ «ኮምፈርት ሩም» ይሉታል፤ የምቾት ክፍል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከምን መጣ ቢሉ፣ ቃላቱን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ የቃል ድኻ አይደለም። ለዚህ ለአንዱ ቤት ግን ጨዋ ሰው በሰው ፊት አፉን ሞልቶ የሚጠራው የራሱ ስም የለውም፤ ያሉት ሁሉ መሸፈኛ ናቸው። «ቶይሌት» ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መጀመሪያ ትንሽ ጨርቅ ማለት ነበር። ጨርቁ የሚነጠፈው ወይዛዝርት በሚኳኳሉበት ጠረጴዛ ላይ ነበርና ስሙ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ መኳኳሉ፣ ከዚያም ወደ መልበሻው ክፍል፣ በመጨረሻም ሁላችን ወደምናውቀው ስፍራ ተዛወረ። «ላቫቶሪ» በላቲን ከመታጠብ የወጣ ነው። በጤና ጣቢያ ወረቀት ላይ ዘወትር የምናየው «ላትሪን»ም ሥሩ ይኸው መታጠብ ነው። «ፕሪቪ» ደግሞ የግል፣ የምስጢር ማለት ነው፤ የእንግሊዝ ዘውድ አማካሪዎች ጉባኤም እስከ ዛሬ በዚሁ ቃል «ፕሪቪ ካውንስል» ይባላል። በትርጉም ክፍል የምትሠሩ ወዳጆቼ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨዋው ስም ጥቂት ዘመን ካገለገለ በኋላ የሸፈነው ነገር ሽታ ይደርስበታል። ያን ጊዜ እንደ አደፈ ነጠላ ይወልቅና ሌላ ንጹሕ ስም ይለበሳል። እርሱም በተራው ያድፋል።

በነገራችን ላይ ስለ ቶማስ ክራፐር የሚወራውን አይመኑ። ከ1836 እስከ 1910 በኖረው በዚህ የሎንዶን የቧንቧ ነጋዴ ስም ምክንያት አንድ የብልግና ቃል ተፈጠረ፣ በውሃ የሚታጠበውንም መቀመጫ የፈለሰፈ እርሱ ነው ይባላል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰውዬው በእውነት ነበረ፤ ቃሉ ግን ከመወለዱም በፊት የነበረ ነው። መሣሪያውንም የቀዳማዊት ኤልሣቤጥ የክርስትና ልጅ የነበረው ሰር ጆን ሃሪንግተን በ1596 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። በዚያ ዘመን ቤቱ «ጄክስ» ይባል ስለ ነበር ሃሪንግተን በመጽሐፉ ርእስ ላይ ከትሮይ ጦርነት ጀግና ከአያክስ ስም ጋር አጋጥሞ ቀልዶበታል። ቃሉ በአየርላንድ ዛሬም «ጃክስ» እየተባለ ይኖራል።

እንግሊዞችን ብቻ ለይተን አንሣቅባቸው። እኛስ «ዘወር ብዬ ልምጣ» እንል የለምን? «እዳሪ» የምንለው ቃል ሌላው ፍቹ ያልታረሰ ጠፍ መሬት ነው። «መጸዳጃ» ከመጽዳት የወጣ ነውና ከላቲኑ ጋር ወንድማማች ነው፤ «ባኞ ቤት»ንም ከጣሊያንኛ የወሰድነው መታጠቢያ ማለት ስለ ሆነ ነው።

ወደ አገር ቤቱ እንግሊዝኛ ስንገባ መዝገበ ቃላት ብዙም አይረዳም። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኒውካስል አካባቢ «ኔቲ» ይሉታል። አንዳንዶች ይህን ቃል ከጣሊያንኛው «ጋቢኔቶ» ጋር ሲያዛምዱት ሌሎች አይቀበሉም። ስኮትላንዶች «ክለጂ» ይላሉ። የእንግሊዝ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው «ቦግ» የሚሉት ቃል ረግረግ ማለት ነው፤ ይህን ግን በፕሮፌሰርዎ ፊት አይድገሙት። አውስትራሊያኖች «ደኒ» የሚሉት ቀድሞ ከጓሮ ጫፍ የቆመውን ትንሽ ቤት ነበር፤ በሲድኒና በሜልቦርን አሮጌ ሰፈሮች ከቤቶቹ ኋላ የሚያልፉት ጠባብ መንገዶች ባልዲውን በሌሊት የሚወስደው ሠራተኛ እንዲገባባቸው ያገለግሉ ነበር። አሜሪካኖች ደግሞ «ጆን» ይላሉ። ሃርቫርድ በ1735 ባወጣው ደንብ አዲስ ገቢ ተማሪ ወደ መምህራኑ «ከዝጆን» እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፤ የአጎት ልጅ ጆን እንደ ማለት ነው። ማዕርግ እስከዚያ ድረስ ይከተላል።

ማዕርግ ካነሣን ዘንድ ለወጣት ሠራተኛ የሚጠቅመው ይህ ነው። በ1954 አላን ሮስ የተባለ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ፕሮፌሰር በፊንላንድ በሚታተም የሊቃውንት መጽሔት ላይ የእንግሊዝ መሳፍንት ከሌላው ሕዝብ የሚለዩት በንግግራቸው መሆኑን ጻፈ። በዓመቱ ደራሲዋ ናንሲ ሚትፎርድ ነገሩን በ«ኢንካውንተር» መጽሔት አሰራጨችውና አገሩ ሁሉ ይወያይበት ጀመር። በዚያ ዝርዝር ውስጥ የመጸዳጃውን ወረቀት «ላቫቶሪ ፔፐር» የሚለው የላይኛው ክፍል ሰው ሲሆን «ቶይሌት ፔፐር» የሚለው ከዚያ በታች ነው። ልብ ይበሉ! የሚያጋልጠው ሻካራው ቃል አይደለም፤ ይበልጥ ያማረ መስሎት የፈረንሳዩን ስም የመረጠው ሰው ነው የተያዘው። ዛሬ ልማዱ ቢላላም ፈጽሞ አልጠፋም።

ይህ እንኳ ጨዋታ ነው። የከበደው ሌላ ነው። እንግሊዞች «አንድ ፔኒ ላጥፋ» ብለው ከጉባኤ ይነሡ ነበር። በ1851 በሎንዶኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን የሕዝብ መጸዳጃ አንድ ፔኒ እየተከፈለበት አገልግሏልና አነጋገሩን ከዚያ ጋር የሚያያይዙት ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በሎንዶን መንገዶች ወንዱ ያለ ዋጋ ሽንቱን ሲሸና፣ ያችን ፔኒ የምትከፍል ሴቲቱ ነበረች፤ ያውም ስፍራ ከተገኘ። ጸሐፌ ተውኔቱ በርናርድ ሾው የሴንት ፓንክራስ ቀበሌ ምክር ቤት አባል ሳለ በ1900 በካምደን ለሴቶች መጸዳጃ እንዲሠራ ተሟገተ። አንዳንዱ አባል ነገሩን በጉባኤ ማንሣቱ ራሱ ነውር ነው አለ። ስፍራውን ለማሳየት ከእንጨት የተሠራውንም ምሳሌ ባለ ጋሪዎች መንገድ ዘጋ ለማሰኘት ሆን ብለው ይገጩት ነበር። ሾው በ1909 ለሴቶች የምርጫ መብት ሲከራከር ይህንኑ ጉዳይ ጻፈ፤ በጽሑፉም ርእስ ላይ «የማይጠራው» የሚል ቃል አኖረ። ለድኻ ሴት አንድ ፔኒ ብዙ መሆኑንም አስረዳ። ስሙን ለመጥራት ያፈረ ምክር ቤት ቤቱን ሊሠራ እንዴት ይችላል?

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እንኳ ኖቬምበር 19ን የዓለም የቶይሌት ቀን ብሎ የሰየመው በ2013 ነው። ደፍረው ጠሩት ስንል የጠሩት ያችኑ ትንሽ ጨርቅ ነው።

እንግዲህ ለመንገደኛው፦ በእንግሊዝ አገር «ሉ» ቢሉ ከሁሉም ጋር ያስማማዎታል፤ በአሜሪካ «ሬስትሩም» ይበሉ፣ ማረፊያ አልጋ ግን አይፈልጉ። በየአውሮጳው ጣቢያ «ደብልዩ ሲ» የሚለውን ይከተሉ፤ የውሃ ቤት ማለት ነው። ደብሊን ሲደርሱ ግን ቃሉን አውቀው ዝም ብለው አይግቡ። በብዙ በሮች ላይ በአየርላንድኛ «ፊር» እና «ምና» ተብሎ በላቲን ፊደል ተጽፏል። እንግሊዝኛ የለመደ ዓይን የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ አይቶ «ኤፍ» ለሴት፣ «ኤም» ለወንድ ይመስለዋል። «ፊር» ወንዶች ናቸው፤ «ምና» ሴቶች።