መንገደኛ የጠላው ሥፍራ

ከሩቅ አገር ተጕዞ የተመለሰውን ሰው ዘመድ ወዳጅ ከብቦ «ከሁሉ የወደድኸው የትኛውን አገር ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። «ከሁሉ የጠላኸውስ?» የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይደፈርም፤ ቢደፈርም እንደ ነውር ይቈጠራል። የጕዞ መጻሕፍትን ያገላበጠ ሰው እንደሚያውቀው ግን መንገደኛ ስለ ወደደው አገር ሲጽፍ ብዕሩ ይለዝባል፤ ስለ ጠላው ሲጽፍ ይሳላል። የተሳለውም ከለዘበው ይልቅ ረዥም ዕድሜ አለው።

ነገሩ ለቤተ ሰቦቻችን እንግዳ አይደለም። ልጆቻችን የውጭ አገር ሰዎች ስለ አገራችን የጻፉትን በትምህርት ቤት ሲያነቡ አንዳንዱን ገጽ ፊታቸው ቀልቶ ያሳዩናል። «ይህ ሰው የጻፈው እውነት ነውን?» ለሚል ተማሪ «ሐሰት ነው» ብሎ መጽሐፉን መክደን ይቀላል፤ ነገር ግን መልስ አይሆንም። ሰውዬው በዚያ ቀን፣ በዚያ ሥፍራ ምን ሆኖ ነበር? ብሎ መመርመር ይሻላል። በዚህ ወር ይህንኑ ጥቂት እንመርምር፤ ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ትዝ የሚለን ሶርያዊው ንዕማን ነው። ፈረሱንና ሠረገላውን አስከትሎ ከመጣ በኋላ፣ ነቢዩ ኤልሳዕ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ ቢልክበት፣ የደማስቆን ወንዞች አባናንና ፋርፋን አስታውሶ ተቈጣ። ዮርዳኖስ በዓይኑ አነሰበት። አገልጋዮቹ ባይመክሩት ኖሮ ለምጹን እንደ ያዘ በተመለሰ ነበር።

ከንዕማን በኋላ በብዙ ዘመን ይህን የመሰለ ነገር በእኛው ጎጃም ሆነ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 በምጽዋ በኩል ገብቶ፣ በጎንደር ቤተ መንግሥት ሰንብቶ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። ወደ ምንጩ ጫማ አውልቆ መቅረብ በአገሩ ሰዎች ዘንድ ሥርዓት ስለ ነበር ጫማውን ጥሎ ቍልቍለቱን እየሮጠ ወረደ፤ በአበባ ሥራሥር ተደናቅፎም ሁለት ጊዜ ክፉኛ ወደቀ። የጥንት ነገሥታት ያልሆነላቸው ለእኔ ሆነልኝ ብሎ በደስታ ቆመ። አብሮት ከነበረው ግሪካዊ ጋር በኮኮነት ቅርፊት ከምንጩ ውሃ እየቀዳ ለንጉሡ ለጆርጅ 3ኛ ጤና ጠጣ።

ደስታው ግን አላደረም። ራሱ እንደ መሰከረው ወዲያው ትካዜ ወረደበት። ያለፈው ድካምና ሊመለስበት ያለው የአደጋ መንገድ በፊቱ ተደቀነ። ደግሞም በተወለደበት አገር ከአንድ ተራራ የሚፈልቁት ሦስት ወንዞች፣ ትዊድና ክላይድ አናንም፣ ትዝ አሉት፤ ከዓባይ በምንም የማያንሱ ሆነው ታዩት። ይህን ስናነብ ንዕማን ዳግመኛ በፊታችን የቆመ ይመስለናል። ብሩስ የተመለከተው ረግረግ መስክ ላይ የምትፈልቅ ትንሽ ምንጭ ናት፤ ዓመታት ሙሉ በልቡ ያፈለቃት ግን ሌላ ነበረች። ያውም ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ ኢየሱሳዊ በ1618 በዚያው ቆሞ ነበርና ቀዳሚ አልነበረም፤ ብሩስ ግን በ1790 ባሳተማቸው አምስት ቅጾች ይህን ሊቀበል አልወደደም።

በዚያች ምንጭ ዳር የሚኖሩት ሰዎች ውሃዋ አነሰች ብለው ያዘኑበት ጊዜ የለም። ዛሬም ምእመናን ለጠበል ይመጡባታል፤ ጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጥተው ሳይረጥቡ እንደ ተቀበሉም ይነገራል። ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ መሆኑን ብሩስ አላወቀም፤ ቢያውቅ ኖሮ ትካዜው ምናልባት በቀለለው።

ሌላው የጥላቻ ምክንያት መሰልቸት ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ አንቈይም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ በ1930 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል አይቶ ሲመለስ ጕዞው ቢዘገይበት፣ እጅግ ተሰላችቶ ያሳለፋቸውን ቀናት በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ «የመጀመሪያው ቅዠት» ብሎ ሰየማቸው። ሁለተኛው ቅዠት ኮንጎ ሆነ። ሦስተኛውስ? የራሱ ከተማ ሎንዶን! ስለ አገራችን በጻፈው ብዙ ጊዜ ብንቀየመውም፣ ይህን ሦስተኛ ምዕራፍ ስለ ጨመረ ግን ጥቂት ይቅር ብለነዋል።

ስለ ደናክል በረሃ የተጻፈው ግን ሌላ ሚዛን ይፈልጋል። ኔስቢት የተባለው መሐንዲስ በ1928 ከሁለት ጣልያኖች ጋር ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ሰሜን በረሃውን አቋረጠ፤ ከተከታዮቻቸውም የሞቱ ነበሩ። መጽሐፉ በ1930ዎቹ በአሜሪካ ሲታተም የተሰጠው ስም ወደ ቋንቋችን ቢመለስ «የፍጥረት ሲኦላዊ ጕድጓድ» የሚል ይሆናል። ሲኦል የሚለውን ቃል እኛ በቤተ ክርስቲያን የተማርን ሰዎች ለአየር ጠባይ አናውለውም። ሆኖም ሰውዬው ያለ ምክንያት አልተማረረም። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሥፍራ ነው፤ ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር። አማካይ ማለት የሌሊቱም የክረምቱም አብሮ ተቈጥሮ መሆኑን ልብ ይሏል።

ነገር ግን አሞሌ የሚመጣው ከዚህ ሥፍራ ነው። ጥንት ባሕር የነበረበት ሜዳ ደርቆ ጨው ሆነ፤ ሠራተኞች የጨውን ቅርፊት በእንጨት እየፈነቀሉ ያነሡታል፤ ሌሎች እየጠረቡ አራት ማዕዘን ያደርጉታል። አፋሮችና ከትግራይ የሚወርዱ ሰዎች በዚህ ሥራ ለብዙ ዘመን አብረው ኖረዋል። ጨውም በግመል ተጭኖ በበራህሌ በኩል ወደ መቀሌ ይወጣ ነበር፤ በኋላ ዘመን መንገድ ሲገባ የጭነት መኪና ከግመሉ ጋር ተሻማ። አያቶቻችን ለገንዘብ ይገበያዩበት የነበረው፣ እናቶቻችን ሰባብረው ከወጥ የጨመሩት፣ ለከብቱም ያላሱት እርሱ ነው። ሲኦል የተባለው ሥፍራ እንግዲህ በየጓዳችን ነበረ ማለት ነው። አፋሩም በረሃውን ያለፈበት መንገደኛ ሆኖ አልነበረም፤ ቤቱ ነውና መጽሐፍ አልጻፈለትም። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ያንን የመጽሐፍ ስም ሲያነቡ፣ በዚያው ሙቀት ጨው የሚጠርበውን ሰው አጠገቡ እንዲያቆሙት እንመክራለን።

በረዶም እንደ ሙቀት ይጠላል። የእንግሊዙ ሮበርት ስኮት ጃንዋሪ 17 ቀን 1912 ደቡብ ዋልታ ሲደርስ ሥፍራው አስፈሪ መሆኑን በማስታወሻው አሰፈረ። ነገር ግን ከነፋሱ ይልቅ የጐዳው ያገኘው ድንኳንና ሰንደቅ ዓላማ ነበር፤ የኖርዌዩ አሙንድሰን ዲሴምበር 14 ቀን 1911 ቀድሞት ደርሶ ነበርና። ስኮትና አራቱ ባልንጀሮቹ በመልስ ጕዞ ሁሉም አለቁ።

ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን የፈረንሳዊው ባለቅኔ የአርቱር ራምቦ ነገር ነው። ግጥሙን ትቶ በ1880 ኤደን ገባ፤ በንግድ ቤትም ተቀጠረ። ለቤተ ሰቡ በላከው ደብዳቤ ኤደንን አንድ ዛፍ፣ አንዲት የሣር ዘለላ፣ አንዲት ጠብታ ጥሩ ውሃ የሌለባት ድንጋይ አድርጎ ሣላት፤ የሚጠጣውም ተጣርቶ የተተነነ የባሕር ውሃ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሐረር ወጣ። ሐረር ነፋሻ ናት፤ ቡናና ፍሬ ይበቅልባታል። እርሱ ግን እዚያም የሚያነጋግረኝ ሰው የለም፣ መጽሐፍ የለም፣ ሰለቸኝ እያለ መጻፉን አልተወም። ደብዳቤዎቹን ብቻ ያነበበ ሰው ሐረርን ከሁሉ አብልጦ የጠላት ይመስለዋል።

በ1891 ጕልበቱ ታመመ። በቃሬዛ አድርገው ዐሥራ ስድስት ተሸካሚዎች ዐሥራ ሁለት ቀን ያህል በዝናብና በፀሐይ እስከ ዘይላ አወረዱት። በማርሴይ ሐኪሞች እግሩን ቈረጡት፤ በሽታው ግን ወደ ላይ ወጣ። እናቱና እኅቱ በአገሩ ነበሩ፤ ከልጅነት ቤቱም ደርሶ ነበር። አሳቡ ግን ወደ ጠላው አገር መመለስ ብቻ ሆነ፤ ወደ ሐረር ውሰዱኝ ይል ነበር። ኖቬምበር 9 ቀን፣ በሠላሳ ሰባት ዓመቱ፣ ለመርከብ ማኅበር ዲሬክተር የምትላክ ደብዳቤ ለእኅቱ ነግሮ አስጻፈ። የጠየቀውም መርከቡ ላይ ተሸክመው የሚያሳፍሩት በስንት ሰዓት እንደ ሆነ ነበር። በማግስቱ ዐረፈ።