የጠመኔ ኮረብታ

በእንግሊዝ አገር፣ ከለንደን በስተ ምዕራብ በኦክስፎርድሺር፣ ኡፊንግተን ከምትባል መንደር በላይ አንድ ኮረብታ አለ። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 261 ሜትር ብቻ ነውና፣ አንባቢ ሆይ፣ አንተ የደጋ ሰው ከሆንህ ኮረብታ መባሉ ራሱ ሊያስቅህ ይችላል። ቢሆንም ለዛሬ ቁመቱን ተወውና በሐሳብ አብረኸኝ ውጣ።

ገና ከግርጌው ስትነሣ የምትረግጠውን መሬት ልብ በል። ሣሩ አጭር፣ በግ የጋጠው ነው፤ በተፋቀበት ቦታ ሁሉ ግን ከሥሩ ነጭ ነገር ብቅ ይላል። ይህ ነጭ ነገር ጠመኔ ነው። ዝናብ ሲመታው እንደ ሊጥ ጫማ ላይ ይጣበቃልና፣ ኮረብታውን ወጥቶ የሚወርድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር የዋለ መምህር ይመስላል። (እኛ በሰሌዳ ላይ የምንጽፍበት ጠመኔ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ከጂፕሰም የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ከዚህኛው ጋር በስም እንጂ በሥጋ አይዛመድም።) ከ66 ሚሊዮን ዓመት በሚበልጥ ዘመን በፊት ያ አገር ባሕር ነበረ። በዐይን የማይታዩ ደቃቅ የባሕር ፍጥረታት ሲሞቱ ቅርፊታቸው እንደ ዱቄት ወደ ባሕሩ ወለል እየወረደ ተከማችቶ ይህን አለት ሆነ። ቶማስ ሃክስሊ የተባለው ሊቅ በ1868 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በኖሪች ከተማ ስለ አንዲት ቁራጭ ጠመኔ ለሠራተኞች ንግግር አድርጎ ይህንኑ ታሪክ አስረድቷል። አስተማሪ ለሆነ ሰው የሚያስቀና ንግግር ነው።

ጥቂት እንደ ወጣህ አናቱ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ የሆነ ትንሽ ጉብታ ታገኛለህ፤ ስሙም የዘንዶ ኮረብታ ነው። በአናቱ ላይ ሣር የማይበቅልበት ራቁት ነጭ መሬት አለ። የአገሩ ሰዎች ሲተርኩ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን የገደለው እዚሁ ነው፤ ደሙ ስለ ፈሰሰበት ሣር አያበቅልም ይላሉ። እኛ ግን ብሩታዊትን ያዳናት በቤሩት እንደ ሆነ እየሰማን፣ ሥዕሉንም በየቤተ ክርስቲያኑ እያየን አድገናል። በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም፤ ጊዮርጊስ የእንግሊዝም የኛም ነውና አንድ ዘንዶ በሁለት አገር ቢሞት ምን ይደንቃል? በሥዕሉ ላይ ያለው ነጭ ፈረስስ የት አለ ያልህ እንደ ሆነ ቀና ብለህ ተመልከት።

ከጉብታው በላይ፣ በዳገቱ ላይ፣ 110 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ነጭ ፈረስ ተዘርግቷል። በቅርብ ቆመህ ግን አንድ እግር ወይም አንገት እንጂ ሙሉ መልኩን አታይም፤ እርሱን ለማየት ከሸለቆው ማዶ መራቅ ወይም በአየር ማለፍ ያስፈልጋል። በኋላ ንጉሥ የሆነው አልፍሬድ በ871 ዴንማርኮችን ድል ባደረገ ጊዜ ያስቆፈረው ነው ሲባል ብዙ ዘመን ኖረ። በ1990ዎቹ ግን ሊቃውንት ከፈረሱ ሥር ያለው አፈር ለመጨረሻ ጊዜ ብርሃን ያየበትን ዘመን መርምረው ዕድሜው 3,000 ዓመት ያህል መሆኑን ገለጡ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳዬ ደረስሁ። ይህ ፈረስ ቦይ ተቆፍሮ፣ በተደቆሰ ጠመኔ ተሞልቶና ተጠቅጥቆ የተሠራ ነው። ሣሩ ከግራና ከቀኝ ቀስ እያለ ይገባበታል፤ ዝናቡም ከላይ አፈር ያወርድበታል። ቸል ቢሉት ሣር ይውጠዋል፤ ቲሶ በምትባል መንደር አጠገብ የነበረው ቀይ ፈረስ እንዲሁ ጠፍቶ ቀርቷል። ስለዚህ የኡፊንግተኑ ፈረስ ዛሬ መታየቱ፣ መቶ ትውልድ ያህል እየተቀባበለ ሲያርመው መኖሩን ያስረዳል። በዚያ መካከል ሮማውያን መጥተው ሄደዋል፣ ቋንቋው ተለውጧል፣ ሃይማኖቱም ተለውጧል። ፈረሱ ለምን እንደ ተሠራ የሚያውቅ ሰው ጠፋ፤ አረሙን የሚነቅል ግን አልጠፋም። እኔ ከመጀመሪያው ሠዓሊ ይልቅ እነዚህን አራሚዎች አደንቃለሁ። ሠዓሊው የፈጠራ ደስታ ነበረው፤ እነርሱ ግን ሌላው የጀመረውን ሥራ፣ ስማቸው በየትም ሳይጻፍ፣ ተንበርክከው ሠሩ።

ደግሞም ሥራው ያለ ጨዋታ አልነበረም። የመንደሩ ሰዎች ፈረሱን ባጸዱ ቁጥር ድግስ ነበር፤ ትግል ይገጥማሉ፣ ይሽቀዳደማሉ፣ የፈረሱ ግርግም በሚሉት ገደላማ ሸለቆም ድብልብል አይብ አንከባለው እየሮጡ ያሳድዱታል! ከታላላቆቹ ድግሶች የመጨረሻው በ1857 ተደረገ፤ ቶማስ ሂዩዝም መጽሐፍ ጻፈበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ፈረሱ ለጀርመን አውሮፕላኖች ምልክት እንዳይሆን ሣርና ቅጠል አልብሰው ሸሸጉት፤ ከጦርነቱ በኋላ ገለጡት። እንዲያም ሆኖ ሣሩ አልተኛም። አንገቱና ራሱ እየቀጠኑ መሄዳቸው ስለ ታወቀ በ2024 ዳር ዳሩን ገፍፈው ወደ ቀድሞ ስፋቱ መለሱት።

ቀድሞ በፈረሱ ዐይን ላይ ቆሞ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ሦስት ጊዜ እየዞረ የሚመኝ ሰው ብዙ ነበር። ዛሬ ግን የቅርሱ ጠባቂ ናሽናል ትረስት ማንም እንዳይረግጠው ይጠይቃል። መርገጥ የሚፈቀደው ለሥራ ነው፤ ፀሐይ በምትበረታበት ወራት በጎ ፈቃደኞች መዶሻና ባልዲ ይዘው ይወጣሉ፣ አረሙን ይነቅላሉ፣ አዲስ ጠመኔ ይነሰንሱና ጎን ለጎን ተንበርክከው ይቀጠቅጡታል።