ማስተርሱን የሚገዛው ማን ነው?

በሰፈራችን በሀና ማርያም ጤና ጣቢያ ወይም የግል ክሊኒክ የሚሠራ ጎረቤት የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ከእነሱ ጋር ቡና ላይ ከተቀመጣችሁ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይደርሳል፦ «በኅብረተሰብ ጤና ማስተርሴን ልማር ይሆን?» ምኞቱን የሚያባብስም ነገር አለ። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በኃይሌ ጋርመንት አደባባይ በኩል፣ የአፍሪካ በሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (አፍሪካ ሲዲሲ) ዋና መሥሪያ ቤት በጥር 2015 ተመርቋል። ያን ሕንፃ በየቀኑ በታክሲ መስኮት እያዩ ማለፍ ለጤና ባለሙያ ቀላል ፈተና አይደለም። ጉርብትናው ግን ለቅጥር አይጠቅምም፤ የ55 አገር ሰው ነው የሚወዳደረው።

እኔ እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነው። ሙያችን ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት አንድ ነገር እንድንጠይቅ ያስገድደናል፦ ገዢው ማን ነው? ኤም ፒ ኤችም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም።

የመጀመሪያው ገዢ መንግሥት ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ማሠልጠን ሲጀምር ሌላ ቀጣሪ አልነበረም ማለት ይቻላል። ዛሬም ትልቁ እሱ ነው። ችግሩ፣ ዲግሪ ጨመራችሁ ማለት ደመወዝ ጨመረላችሁ ማለት አለመሆኑ ነው። መደቡ ክፍት መሆን አለበት፣ ተወዳድሮ ማለፍም አለ። የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ሥራ እስከ ማቆም ያደረሳቸው የክፍያ ጥያቄ እንደሆነ ሁላችንም እናስታውሳለን።

ለዚህ ነው የብዙዎች ዓይን ሁለተኛው ገዢ ላይ ያረፈው፤ ኤንጂኦው ላይ። እውነቱን እንነጋገርና፣ የኤም ፒ ኤችን ዋጋ ያስወደደው የፕሮጀክት ደመወዝ ነበር። ጥር 12 ቀን 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀን አገደ። ብዙም ሳይቆይ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ኮንትራት እንዲቋረጥ አደረገ። ሰኔ 24 ዩኤስኤአይዲ ራሱ ሥራውን አቆመ። ይህ ማለት ዛሬ ትምህርቱን የምትጀምሩ ሰዎች ከሁለት ዓመት በኋላ የምትወዳደሩት አብረዋችሁ ከሚመረቁት ጋር ብቻ አይደለም። ዲግሪውንም፣ የአሥር ዓመት የፕሮጀክት ልምዱንም ይዞ ሥራ የሚፈልግ ሰው ከፊታችሁ ተሰልፏል። የኮሌጅ ማስታወቂያ ይህን አይነግራችሁም። (የማስታወቂያ ሥራ ምን እንደሆነ ስለማውቅ አልፈርድባቸውም።)

አሁን ወጪውን እንይ። አብዛኛው ሰው የሚቆጥረው የኮሌጁን ክፍያ ብቻ ነው። የምታስቀሩት የዲዩቲ ክፍያስ? የግል ክሊኒኩ የትርፍ ሰዓት ሥራስ? የመመረቂያ ጽሑፉ መረጃ ማሰባሰቢያ፣ ትራንስፖርቱስ? ለምሳሌ ያህል ሁሉም ተደምሮ 150,000 ብር ወጣ እንበል። ከምረቃ በኋላ በእጅ የሚገባው ጭማሪ በወር 2,500 ብር ቢሆን ገንዘቡ የሚመለሰው በ60 ወር ነው። የትምህርቱ ሁለት ዓመት ሲጨመርበት ሰባት ዓመት ሆነ። ዘንድሮ መዋዕለ ሕፃናት የገባ ልጃችሁ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነው። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቀይሯቸው እንጂ ስሌቱን አትዝለሉት። የቅዳሜና የእሑድ ትምህርት ከሆነ ደግሞ ልጁን የሚይዘው ማን እንደሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት ከባለቤታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ይህ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ የማይወጣ ወጪ ነው፤ ብዙ ጊዜም የምትከፍለው ሚስት ናት።

ታዲያ አትማሩ ማለቴ ነው? አይደለም። መሥሪያ ቤታችሁ ልኮ የሚያስተምር ከሆነ፣ ውሉ ላይ ያለውን የአገልግሎት ግዴታ አንብባችሁ ተማሩ። የምትወዳደሩበት መደብ ማስተርስ የሚጠይቅ ከሆነና ከአለቃችሁ ጋር ከተነጋገራችሁበት፣ ከኪሳችሁም ከፍላችሁ ቢሆን ያዋጣል። ከዕቁብ ወይም ከመሥሪያ ቤት ቁጠባና ብድር ማኅበር ብር አውጥቶ «ዲግሪው ይኑረኝ፣ ሥራው ይመጣል» ማለትን ግን አልደግፍም። ወርቅ ሸጦ መማርንማ ጭራሽ። ውጭ አገር በራስ ገንዘብ መማርም እንደዚያው ነው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። እንደ ቼቭኒንግ ያለ ሙሉ ወጪ የሚሸፍን የትምህርት ዕድል ቢገኝ ሌላ ነገር ነው። እሱም ቢሆን ቀድሞ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ፣ ከተማሩ በኋላም አገር ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየትን ይጠይቃል።

ከዘርፎቹ ምርጫ ካላችሁ እኔ የማደላው ቁጥር ወደሚያሠራው ነው፤ ኤፒዴሚዮሎጂ፣ ባዮስታቲስቲክስ፣ ሄልዝ ኢንፎርማቲክስ። መረጃ መተንተን የሚችል ሰው ባንክም፣ ኢንሹራንስም፣ የእኛም ቢሮ ይፈልገዋል። የጤና ፕሮጀክት ቢዘጋ ሌላ በር አለው።

የግል ኮሌጅ ከሆነ ፈቃዱ ለዚያው የትምህርት መስክና ለዚያው ካምፓስ መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ጋትን፣ ማለፍ እንዳለባችሁም አትርሱ። ከዚያ በፊት ግን ለሦስት ወር የሪፖርተርን የሥራ ማስታወቂያ ገጾችና ኢትዮጆብስን ተከታተሉ። ኤም ፒ ኤች የሚጠይቁትን ብቻ ደብተር ላይ መዝግቡ፦ ቀጣሪው ማን እንደሆነ፣ ስንት ዓመት ልምድ እንደሚፈልግ፣ ቦታው አዲስ አበባ ይሁን ክልል። ዜሮ ዓመት ልምድ የሚል ስንት አገኛችሁ?