ገዳዩ ሲያለቅስ

አኒሜ ከሚያዩ ወጣቶች ጋር ተቀምጦ «ማንን ነው የምትወዱት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። ላይት፣ ኤረን፣ ሌሉሽ። አንድ ደግ ገጸ ባሕርይ የጠራ ካለ ገና ልጅ ነው ተብሎ ይታለፋል። «ጥሩም መጥፎም አይደለም፣ ግራጫ ነው» ከተባለ ደግሞ ክርክሩ እዚያው ያልቃል፤ ቃሉ እንደ ማዕረግ ነው የሚሰጠው።

ማዕረጉን አልቀበለውም። ሥራዎቹን ስለምጠላ አይደለም፤ «ዴዝ ኖት»ን ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ፣ ሁለተኛውን እንቅልፍ አጥቼ። ጠቤ ከሚዛኑ ጋር ነው። ግራጫነቱ ሲለካ የሚመዘነው ሁልጊዜ ገዳዩ ብቻ ነው፤ ልጅነቱ እንዴት ነበር፣ ምን ያህል አዘነ፣ ሲገድል አለቀሰ ወይ? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ግን የሚያስታውሰውም የሚያለቅሰውም ወጊው ነው፤ ተወጊው አፍ የለውም።

ላይት ያጋሚን እንውሰድ። ጹጉሚ ኦባ ጽፎት ታኬሺ ኦባታ የሳለው የ«ዴዝ ኖት» ማንጋ ከ2003 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ወጣ፤ 37 ክፍል ያለው አኒሜም በ2006 መታየት ጀመረ። ስሙ የተጻፈበት ሰው ሁሉ የሚሞትበት ደብተር እጁ የገባ ጎበዝ ተማሪ፣ ወንጀለኞችን ጨርሼ ዓለምን አጸዳለሁ ብሎ ይነሳል። ተመልካቹ «መንገዱ ይከፋል እንጂ ዓላማውስ…» እያለ ማመንታት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማመንታቱ ግን ገና ሁለተኛው ክፍል ላይ ማብቃት ነበረበት። አንድ ሰው ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ የምትሠራው ክፋት ነው ይለዋል፤ ላይት ወዲያው ስሙን ጽፎ ይገድለዋል። ሟቹ የሞት ፍርደኛ እንደነበረ፣ ነገሩም መርማሪው ኤል የዘረጋው ወጥመድ እንደሆነ የሚታወቀው ከሞተ በኋላ ነው። ላይት ብዕሩን ሲያነሳ የሚያውቅበት ወንጀል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን መናገሩ። ከዚያ ሊከታተሉ የመጡ 12 የኤፍቢአይ ሠራተኞችን ይፈጃል። ከመካከላቸው የአንዱ እጮኛ ናኦሚ ሚሶራ የደረሰችበትን ለፖሊስ ለመንገር ስትመጣ፣ የምርመራ ቡድኑ አባል ነኝ ብሎ በትሕትና አጠገቧ ይራመዳል፣ እውነተኛ ስሟን አባብሎ ያወጣል፣ መሞቷ ከተረጋገጠ በኋላ ማንነቱን ይነግራታል። ግራጫው የት ጋ ነው?

ኦባን አልወቅሰውም፤ ማን እንደፈጠረ ያውቃል። በማንጋው ውስጥ ላይት የሚሞተው መጋዘን ወለል ላይ እየተንፈራገጠ፣ መሞት አልፈልግም እያለ ሲለምን ነው። አኒሜው ግን ከመጋዘኑ አስወጥቶ፣ በምታዘቀዝቅ ጀንበር ብርሃን አስሩጦ፣ የተማሪነት ዘመኑን መልክ አሳይቶት፣ ደረጃ ላይ ጋደም አድርጎ በሙዚቃ ይሸኘዋል። ሰውየው ያው ነው፣ ወንጀሉም ያው። የተለወጠው ብርሃኑ ነው፤ ብዙው «ጥልቀት» የሚባለው ነገር ደግሞ እንዲህ ያለ ብርሃን ነው።

ኤረን ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሃጂሜ ኢሳያማ ሟቾቹን ጨርሶ አልሸሸጋቸውም። «አታክ ኦን ታይታን» ሲያልቅ ኤረን ከሰው ዘር 80 በመቶውን በታይታኖች አስረግጦ ጨርሷል። ከዚያ በፊት ግን ራምዚ የሚባል ስደተኛ ልጅ ሲደበደብ ኤረን ያስጥለዋል። በኋላ ሊገድለው እንደሆነ ስለሚያውቅ ፊቱ ቆሞ እያለቀሰ ይቅርታ ይጠይቀዋል። ልጁ ቋንቋውን አይሰማም። በእውነት ትልቅ ትዕይንት ነው፤ ይቅርታው ለራምዚ እንዳልሆነ፣ ኤረን ለራሱ እንደሚያለቅስ ከዚህ በላይ ማሳየት አይቻልም። ተመልካቹ ታዲያ ከትዕይንቱ ምን ይዞ ወጣ? «ምስኪን ኤረን!»

ማንጋው በሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ሲያልቅ፣ ጓደኛው አርሚን ለእኛ ብለህ ገዳይ ስለሆንክ አመሰግንሃለሁ ዓይነት ንግግር ተናገረና ብዙ አንባቢ ተቆጣ። በ2023ቱ አኒሜ ንግግሩ ተለወጠ፤ አርሚን በደሉን ተካፍሎ ሲኦልም አብረን ነን ይለዋል። ተሻሽሏል፤ አልክድም። ግን እኛ አገር ሽማግሌ ደም ሊያደርቅ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚፈልገው የሟችን ወገን ነው። እዚህ ክሱም ኑዛዜውም ይቅርታውም በሁለት አብሮ አደጎች መካከል ተጀምሮ አለቀ። የራምዚ ወገን አልተጠራም።

«ልብ ወለድ እኮ ነው፣ ክፉውን ከውስጡ ማየት ያስተምራል» የሚለኝ ይኖራል። ያስተምራል። ከውስጥ ማየት ግን የሟቾቹን ክብደት ተሸክሞ የሚያድረውን ሰው ማየት ከሆነ፣ ማኮቶ ዩኪሙራ «ቪንላንድ ሳጋ»ን ሠርቷል። ቶርፊን በመጀመሪያው ምዕራፍ የአባቱን ደም እመልሳለሁ እያለ በየጦር ሜዳው ሲገድል የኖረ ልጅ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛ ምዕራፍ ዴንማርክ ውስጥ የሰው ባሪያ ሆኖ ጫካ ይመነጥራል፣ ጉቶ ይነቅላል፣ ስንዴ ይዘራል። አጠገቡ የሚሠራው አይናር እንደ ቶርፊን ያሉ ጦረኞች መንደሩን ያቃጠሉበት ሰው ነው። ማታ ማታ ቶርፊን በቅዠት ይጮኻል። የልጅነቱን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ሊያዝንለት ይችላል፤ እሱ ግን ለራሱ ምንም ማመካኛ አያቀርብም።

ግራጫ ግራጫ ሲሉ ከነበሩት ስንቶቹ ናቸው ታዲያ ይህን «የእርሻ ፕሮግራም» ብለው የተሳለቁበት! የላይትን ፎቶ ፕሮፋይሉ ያደረገ አንድ የማውቀው ልጅም «ተኛሁበት» አለኝ። የትኛው ክፍል ላይ ብዬ ጠየቅሁት። ሲያስረዳኝ ገባኝ፤ ቶርፊን በሕልሙ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የገደላቸው ሰዎች ከሥር እየወጡ እግሩን የሚይዙበት ክፍል ነው።