«በተለያዩ የሥራ ደረጃዎች አገልግለዋል»

በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከዚያም «በተለያዩ የሥራ ደረጃዎች በቅንነት አገልግለዋል»። ሟቹ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ከሆኑ ያቺ አንዲት ሐረግ ሠላሳና አርባ ዓመት ትውጣለች። የትኛውን ስብስብ እንዳደራጁ፣ ለየትኛው ተመራማሪ የጠፋ ጋዜጣ ፈልገው እንዳገኙለት፣ የትኛውን መጽሐፍ ከምስጥና ከዝናብ እንዳዳኑ የሚናገር የለም።

ይህ ይቆጨኛል፤ አዳዲስ ቤተ መጻሕፍት በምንከፍትበት በዚህ ዘመን ደግሞ የባሰ ይቆጨኛል። የአዲስ አበባው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ሲመረቅ ስለ ሕንፃው ብዙ ተባለ፤ የሚገባውም ነው። በሞያው ስላረጁትና ስላለፉት ሰዎች ግን የሰማሁት ኢምንት ነው።

የምናስታውሳቸው ጥቂቶች አሉ። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ገና ከዜሮ ሲጀመር የነበሩ ሰው ናቸው። መጽሐፍ ብቻ አልሰበሰቡም፤ ሥዕል፣ መስቀልና የቤት ዕቃም ጭምር አሰባስበው ዛሬ በስድስት ኪሎ ለምናየው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም መሠረት ጣሉ። በ2002 ዓ.ም. ካናዳ ውስጥ ሲያርፉ ዜናው እዚህ ጎልቶ አልተሰማም።

ግንቦት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ያረፉት ሪታ ፓንክረስት ከብዙዎች በተሻለ ይታወሳሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚነሡት የሪቻርድ ፓንክረስት ባለቤትና የሲልቪያ ፓንክረስት ምራት ተብለው ነው። እሳቸው ግን በራሳቸው ሞያ የቆሙ ሴት ነበሩ። በ1940ዎቹ መጨረሻ መጥተው በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ በወመዘክር፣ ሠሩ፤ ኋላም የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት መሩ። ከአብዮቱ በኋላ ለንደን ሲሄዱም የሴቶችን ታሪክ የያዘው የፎሴት ቤተ መጻሕፍት በእሳቸው ኃላፊነት ሥር ነበር። ከጻፏቸው ሁሉ እኔ የማስቀድመው ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ስላከማቹት ቤተ መጻሕፍት ያዘጋጁትን ጥናት ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. መቅደላን ሲዘርፍ 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተዋል። የተበተነን ስብስብ ዱካ መከተል የቤተ መጻሕፍት ሰው ዓይንና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሪታ ሁለቱንም ነበራቸው።

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ደግሞ እንደ ታላቅ የግዕዝ ሊቅ እንጂ እንደ መጻሕፍት መዝጋቢ የሚያነሣቸው ጥቂት ነው። በደርግ ወታደሮች ተመትተው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከዋሉ በኋላ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ለዐሥርተ ዓመታት ከገዳማትና ከአድባራት በማይክሮፊልም የተነሡ የብራና መጻሕፍትን አንድ በአንድ እያነበቡ ይዘታቸውን፣ ጸሐፊያቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ በኅዳጋቸው ላይ ያለውን ማስታወሻ ሳይቀር መዘገቡ። ሰኔ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ይህ ካታሎግ ከድርሰቶቻቸው እኩል ሊነሣ ይገባው ነበር። ዛሬ የግዕዝ ጽሑፍ የሚመረምር ሁሉ የሚነሣው ከእሱ ነውና።

እነዚህን ሦስቱን ያተረፋቸው ግን የጻፉት ነው። አጠገባቸው ሆነው የካታሎግ ካርድ ሲሞሉ የኖሩት ኢትዮጵያውያንስ? ሥራቸው ቀላል አልነበረም። ከውጭ የመጣው የአመዘጋገብ ሥርዓት የቤተሰብን ስም ያስቀድማል፤ እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም። ሐዲስ ዓለማየሁን በ«ዓለማየሁ» የሚፈልግ አበሻ የለም። ስለዚህ በ«ሐ» ይግባ፤ ግን በየትኛው «ሐ»? አንዱ ደራሲ «ሐዲስ»፣ ሌላው «ሀዲስ» ብሎ ይጽፋል። «ጸ»ና «ፀ»፣ «ሰ»ና «ሠ»ም እንዲሁ። በካርዱ ዘመን ይህን በትክክል ያልወሰነ ሠራተኛ መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ እያለ አጠፋው ማለት ነው። አስተካክሎ የወሰነውን ግን ማንም አያውቀውም፤ አንባቢው መጽሐፉን አግኝቶ ሄዷልና።

የጥንቶቹም ቢሆኑ የመጽሐፍ ጠባቂን በማስታወስ አልተሻሉም። የብራናው መጽሐፍ የጸሐፊውንና ያስጻፈውን ስም ይይዛል፤ የሰረቀውንና የፋቀውን ያወግዛል። ከሌባ ሲጠብቀው የኖረው ቄሰ ገበዝ ስም ግን እምብዛም አይገኝበትም።

ይህን የመርሳት ልማድ ለማቆም ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ወመዘክር፣ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትና የየክልሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እያንዳንዳቸው ለገዛ ሠራተኞቻቸው አንድ ፋይል ይክፈቱ። ሰው ሲያርፍ ለቀብር የሚጻፈውን ገጽ የሥራ ባልደረባው አብሮ ይጻፈው። ጡረታ የወጡት በሕይወት እያሉ ድምፅ መቅጃ ይዞ ቤታቸው የሚሄድ ወጣት ባለሙያ ይመደብ። በ1966 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጡ ሰሞን የመጻሕፍቱን መጋዘን ማን ቆለፈ? ቁልፉስ ማን ዘንድ ነበር? እንዳይነበብ የተከለከለው መጽሐፍ የት ተቀመጠ? ይህን የሚመልሱልን ሰዎች ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል።