ምሳሩ ብቻውን ምን ይናገራል?

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል። በዚህ አነጋገር ምሳር እንጨት መቁረጫነቱ ቀርቶ በተጎዳ ሰው ላይ የሚበረታ ክንድ ሆኗል። ሆኖም ብረቱን ብቻ ከአፈር የሚያወጣ የነገ ተመራማሪ ይህን ትርጉም ከስለቱ ሊያነበው አይችልም። የቅድመ ታሪክ የተወለወሉ የድንጋይ ምሳሮችን «ተምሳሌታዊ» ለማለት የምንቸኩል ተማሪዎች ይህን ልናጤን ይገባል እላለሁ።

ተምሳሌትነት አልነበረም ማለቴ አይደለም። በእንግሊዝ ሶመርሴት ረግረግ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3807/3806 ከተሠራ የእንጨት መተላለፊያ አጠገብ የተገኘው የጄድ ምሳር ድንጋዩ የመጣው ከአልፕስ ተራሮች ነው፤ በሥራ ላይ የዋለም አይመስልም። ከመሣሪያነት ያለፈ ክብር እንደነበረው የምንገምተው ግን ከልስላሴው ብቻ ሳይሆን ከተቀመጠበት ስፍራ፣ ከመጣበት ርቀትና ከስለቱ ሁኔታ ነው።

ወደ ቀጣናችን ስንመለስ፣ አርኬል በ1954 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአጎርዳት ጥናት በዚያ የተገኙ የድንጋይ ምሳሮችን ከጥንታዊት ግብፅ የብረታ ብረት ምሳሮች ጋር አመሳስሏል። ቅርሶቹ በአመዛኙ ከገጸ ምድር የተለቀሙ በመሆናቸው ግን መመሳሰሉ የማዕረግ ምልክት ይሁን የቅርጽ ልማድ ለመለየት ያዳግታል። በአንጻሩ በጋሞ ቦረዳ ቆዳ ፋቂዎች ዘንድ የድንጋይ መፋቂያ እንደ ሰው የሚወለድና የሚሞት ሕያው ነገር መሆኑን ካትሪን አርተር የተረዱት ባለሙያዎቹን አድምጠው ነው።

ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ዲከረንስና ቀርቀሃ በሚቆረጥበት በአዊ ምሳር ዛሬም የዕለት መሣሪያ ነው። አንድ አርሶ አደር በእርሻው የተወለወለ ድንጋይ ቢያሳየን ቀዳሚው ተግባራችን መውሰድ ሳይሆን መጠየቅ ይሁን፤ የወጣበት ማሳና ጥልቀት፣ አብሮት የነበረው ነገር፣ በቤት የዋለበት አገልግሎት፣ በአውኚ የሚጠራበት ስም ሳይተረጎም ይመዝገብ። በአውሮፓም በምዕራብ አፍሪካም እንዲህ ያሉ ድንጋዮች ከመብረቅ ጋር ወርደዋል ተብሎ ይታመን ነበርና፣ ያንን ግምት በጥያቄያችን አናስገባ። ግኝቱንም አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንደሚያዘው ለሚመለከተው አካል እናሳውቅ።

«እስክንመዘግብ ድንጋዩ ይጠፋል» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። ይሁንና ያለ ስፍራውና ያለ ባለቤቱ ቃል የተሰበሰበ ምሳር ከመጥፋት ቢድንም የሚጠናው ትርጉሙ ጠፍቷል፤ ከዚያ በኋላ የምንጽፈው ስለ ጥንቱ ሰው ሳይሆን ስለ ራሳችን ግምት ይሆናል።